እጅ አይሸከም፦ የስፖርት ሞተር መሪን ለትራክ ማስተካከልና መቀየር

ትራክ ላይ ጥቂት ዙር እንደነዱ መዳፍዎ ከደነዘዘ፣ ከክርን በታች ያለው ክንድዎ ድንጋይ ሆኖ ፍሬኑን በሁለት ጣት መጭመቅ ካቃተዎት፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር አንድ ነው፦ «መሪውን ቀይር»። ምክሩ አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የመሪው ሳይሆን፣ መሪው ላይ የተጫነው የነጂው ክብደት ነው። መሪ ሞተር ሳይክሉን ለመምራት የተሠራ ነው፤ ሰውን ለመሸከም እግር፣ ጭንና ሆድ አሉ። ይህ ሳይስተካከል የተገዛ ውድ መሪ ሕመሙን ከአንጓ ወደ ትከሻ ከማዛወር አያልፍም። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት ሞተሩ ላይ እንቀመጥ።

በመንገድ ላይ ለመንዳት የተሠራ ስፖርት ሞተር መሪው የተቀመጠው ለአማካይ ሰው፣ ለአማካይ ቀን ነው፤ ሥራ መሄጃም ነው፣ መብራት ላይ መቆሚያም ነው። ትራክ ላይ ግን ሰውነት የሚያርፈው በሦስት ሁኔታ ብቻ ነው፦ ቀጥታው ላይ ከንፋስ መከላከያው ጀርባ ተለጥፎ፣ ፍሬን ሲይዝ ቀና ብሎ፣ ኩርባ ውስጥ ደግሞ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ። መሪው ለሦስቱም መመቸት አለበት። ለአንዱ ብቻ የተመቸ መሪ በሌሎቹ ሁለት ላይ ዕዳውን ያስከፍላል።

መጀመሪያ ልብሱን ይልበሱ

ሞተሩን ደልዳላ መሬት ላይ በኋላ ጎማ ማቆሚያ ያቁሙና ቆዳውን፣ ጓንቱን፣ ቦቱን፣ ሄልሜቱን ሁሉ ያድርጉ። በቲሸርት ሆኖ መለካት ዋጋ የለውም። የትራክ ቆዳ ልብስ ትከሻው ወደፊት ተስቦ የተሰፋ ነው፤ ጓንቱ የእጅ ላስቲኩን ያወፍረዋል፤ ሄልሜቱ አንገትን ይወስናል። አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ስልኩን በወገብዎ ከፍታ ይዞ ፎቶ ያንሳልዎ። ኮርቻው ላይ ሆነው የሚሰማዎትና ፎቶው ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

አሁን ጉልበትዎን በነዳጅ ታንኩ ላይ አጥብቀው ወደፊት ይጎንበሱ፣ ፍሬን የያዙ ያህል ሆዱን ያጥብቁ። ከዚያ ሁለቱንም እጅ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያህል ብድግ ያድርጉ። ሰውነትዎ ሳይወድቅ ከቆየ መልካም። በደረትዎ ታንኩ ላይ ከተደፉ ግን የመጀመሪያው ሥራ መሪው አይደለም፤ ታንኩ ጎን ላይ የሚለጠፍ ሻካራ ላስቲክ ይግዙ፣ የእግር መርገጫውንና የኮርቻውን ከፍታ ይመርምሩ። እግር የሚይዘው ነገር ሲያጣ እጅ ይተካዋል።

ይህ የጀማሪ ጣጣ ብቻ አይደለም። ሆርሄ ሎሬንዞ በሞቶ ጂፒ ከያማሃ ወደ ዱካቲ ከሄደ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ማሸነፍ አቅቶት ነበር። ከሚያነሣቸው ቅሬታዎች አንዱ ፍሬን ሲይዝ ሰውነቱን የሚደግፍበት ነገር ማጣቱ፣ በዚህም ክንዱ መድከሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ዱካቲ የነዳጅ ታንኩን ቅርጽ ለእሱ እንዲስማማ ሲለውጥለት ሙጄሎ ላይ አሸነፈ፤ በዱካቲ ላይ የመጀመሪያ ድሉም ይኸው ሆነ። የዓለም ሻምፒዮን የእጁ ድካም መፍትሔ ያገኘው ጭኑ ላይ ነው ማለት ነው።

እጅ የማንሳቱን ፈተና ካለፉ ወደ ሦስቱ አቀማመጦች ይመለሱ። ቀጥታው ላይ እንዳሉ ሆነው ይለጠፉ። ዶሃ አጠገብ ያለው የሉሰይል ትራክ ዋና ቀጥታ 1,068 ሜትር ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ክርን ጉልበትን እየገፋ ወይም ከፌሪንጉ ውጭ ንፋስ እየመታው መሄድ ይቆጠራል። ከዚያ ቀና ብለው ፍሬን የያዙ ያህል ይሁኑ፤ የክንድዎ አጥንት፣ አንጓዎና የእጅዎ ጀርባ ከጎን ሲታዩ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለባቸው። አንጓው ወደ ላይ ከተሰበረ መሪው ወይም የፍሬን ሌቨሩ ዝቅ ብሏል፤ ወደ ታች ከተሰበረ ከፍ ብሏል። በመጨረሻ ግማሽ መቀመጫዎን ወደ ጎን አውጥተው ኩርባ ውስጥ እንዳሉ ይንጠልጠሉ፤ ሞተሩ ማቆሚያው ላይ ስለሆነ ረዳቱ ከወዲያኛው ጎን ይያዝልዎ። የውጭኛው ክንድ ታንኩ ላይ ተጋድሞ መድረስ አለበት፣ የውስጠኛው ክርን ደግሞ ወደ መሬት መጠቆም አለበት። ብዙዎች ችግራቸውን የሚያገኙት እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው፦ መሪው ወደ ኋላ፣ ወደ ነጂው በጣም የተሰበሰበ ከሆነ የውስጠኛው አንጓ ይታጠፍና ጋዝ መክፈት ወደ ስቃይ ይለወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የጋዙን እጀታ ካቻቢቴ እንደሚያዝ በሰያፍ መያዝ ብቻውን ግማሹን ሕመም ያስወግዳል። በቀጥታ ጨብጦ ጋዝ የሚሰጥ ሰው፣ እጀታውን ሙሉ ለሙሉ ለመክፈት አንጓውን መስበሩ አይቀርም። ይህን ሳይሞክሩ መሪ አይግዙ።

ማስተካከል ይበቃል ወይስ መቀየር?

የስፖርት ሞተር መሪ አንድ ወጥ ዘንግ አይደለም፤ በግራና በቀኝ ፎርክ ላይ ለየብቻ የሚታሰሩ ሁለት ቁርጥራጮች ናቸው፤ በሁሉም ዘንድ ክሊፖን ይባላሉ። ከፋብሪካ የመጣው ክሊፖን አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያውና ዘንጉ አብረው የተቀረጹ ናቸው፤ ቦታውንም የላይኛው የፎርክ ማሰሪያ ላይ ባለ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ጥርስ ይወስንለታል። ጥርሱ እስካለ ድረስ ማዕዘኑ አይነቃነቅም። አንዳንዱ ሰው ጥርሱን በሞረድ አጥፍቶ ጥቂት ዲግሪ ያተርፋል። ለሙከራ ያህል ያስኬዳል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ መሪውን የሚይዘው የብሎኑ ጥብቀት ብቻ እንደሚሆን ይወቁ፣ ሞተሩም ተመልሶ የመንገድ ሞተር የሚሆን ከሆነ ባይነኩት ይሻላል።

ሳይገዙ ማስተካከል የሚችሉት ብዙ ነው፦ የሌቨሮቹ ማዕዘን፣ ከእጀታው ያላቸው ርቀት፣ በዘንጉ ላይ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚቀመጡበት ቦታ፣ የእጅ ላስቲኩ ውፍረት። አንጓዎ በፍሬን ጊዜ ብቻ የሚታጠፍ ከሆነ እነዚህን ነክተው አንድ ቀን ይንዱ። ችግሩ ኩርባ ውስጥ ወይም ቀጥታው ላይ ከሆነ፣ ወይም ቁመትዎ ከአማካዩ ብዙ የሚርቅ ከሆነ ወደ መቀየር ይሂዱ። ሞተሩ ወድቆ መሪው ከታጠፈ ደግሞ ምርጫ የለም፤ ይቀየራል። ብየዳ ቤት ወስዶ ማቅናት ወይም የተሰነጠቀውን ማስበየድ አይታሰብ። የዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን፣ ፊም፣ ከቀላል ብረት የተሠራ መሪን በብየዳ መጠገን በውድድር ደንቡ ይከለክላል፤ ምክንያቱም አሉሚኒየም ከተበየደ በኋላ በብየዳው ዳር ጥንካሬውን ያጣል፣ ሲሰበርም ሳያስጠነቅቅ ነው። እኛ አገር የብየዳ ባለሙያ የማያድነው ነገር እንደሌለ ሲነገር አውቃለሁ። ይህ ግን አይዳንም።

ሲገዙ

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ቁጥር አለ፤ የክሊፖኑ ማሰሪያ ዲያሜትር። በሞተሩ መረጃ ላይ «41 ሚሊሜትር ፎርክ» ወይም «43 ሚሊሜትር ፎርክ» ተብሎ የሚጻፈው የውስጠኛው፣ የሚያንሸራትተው ቱቦ ውፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ካዋሳኪ ኒንጃ 400 እንውሰድ፦ ፎርኩ የተለመደው ዓይነት ስለሆነ ያ 41 ሚሊሜትር ቱቦ ራሱ ነው ወደ ላይ ወጥቶ በፎርኩ ማሰሪያ የሚያልፈው፤ 41 የሚል ክሊፖን ቢገዙ ይገጥማል። ከ2017 ጀምሮ ባለው ያማሃ አር6 ላይ ግን ፎርኩ የተገለበጠ ነው። ቀጭኑ 43 ሚሊሜትር ቱቦ ከታች ነው፤ ክሊፖኑ የሚያቅፈው ከላይ ያለውን ወፍራሙን የውጭ ቱቦ ነው። 43 ብሎ የገዛ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ መልሶ ይዘጋዋል። ስለዚህ ዝርዝሩን ትተው፣ ክሊፖኑ የሚያርፍበትን ትክክለኛ ቦታ በቨርኒየር ይለኩ፤ ሁለቴ፣ በሁለት አቅጣጫ። የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነትን በብሎን አጥብቆ ማካካስ ማሰሪያውን ያሰነጥቃል፣ ቱቦውንም ያጣብባል።

ለትራክ የምመክረው ማሰሪያውና ዘንጉ የሚለያዩበትን ዓይነት ነው። ውድክራፍትና ቮርቴክስ የሚባሉት አምራቾች በዚህ ይታወቃሉ፣ ሌሎችም ብዙ አሉ። ሞተሩ በተንሸራተተ ቁጥር የሚታጠፈው ዘንጉ ነው፤ ዘንግ ብቻውን ርካሽ ነው፣ ለመቀየርም ደቂቃዎች ይበቃሉ። ዘንጉ 22 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ የጃፓን ስፖርት ሞተሮች ማብሪያ ማጥፊያዎችና ሌቨሮች ለዚያ የተሠሩ ናቸው።

ከፍታን በተመለከተ ፋሽን አይከተሉ። ዝቅ ያለ መሪ የውድድር ሞተር ያስመስላል፣ ክብደትንም ወደ ፊት ጎማው ያሳልፋል፤ ነገር ግን ረጅም ሰው ትከሻውን ዘግቶ ክርኑን ታንኩ ላይ ካጋጨ ምን ጥቅም አለው? በሌላ በኩል ኒንጃ 400ን የመሳሰሉ ሞተሮች ከፋብሪካ ከፍ ያለ መሪ ይዘው ስለሚመጡ፣ እነሱን ዝቅ ማድረግ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል። ስፋትም እንዲሁ ነው፦ ሰፊ መሪ ሞተሩን በትንሽ ጉልበት ያጋድላል፣ ጠባቡ ከንፋስ ይሸሽጋል። የትከሻዎ ስፋት ይፍረድ። የዘንጉ ወደ ታች መዘንበል ብዙውን ጊዜ ከአሥር ዲግሪ አያልፍም፤ ሁለት ዲግሪ እንኳን አንጓ ላይ ይሰማል፣ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ይሂዱ።

ሥራው

የሞተሩን የጥገና መጽሐፍ ይክፈቱ፤ የእያንዳንዱ ብሎን የጥብቀት ልክ በኒውተን ሜትር የተጻፈው እዚያ ነው። የአለን ቁልፎች፣ ቶርክ ቁልፍ፣ የቀለም ብዕር፣ ማስመሪያ፣ የፍሬን ማጽጃና ብዙ ጨርቅ ያስፈልጋሉ። ቶርክ ቁልፍ ከሌለዎት ይዋሱ። ትንንሾቹ ብሎኖች በአሥር ኒውተን ሜትር አካባቢ የሚታሰሩ ናቸው፤ የለመደ የመካኒክ እጅ ሳያውቀው እጥፍ አድርጎ ያጠብቃቸዋል።

ማንኛውንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ ካቦዎቹና ቱቦዎቹ በየት በኩል፣ በምን ፊትና ኋላ እንደሚያልፉ። ከዚያ ከላይኛው ማሰሪያ ፊት እስከ ፎርክ ቱቦው ጫፍ ያለውን ከፍታ በግራም በቀኝም ይለኩና ይጻፉ። ይህ ቁጥር ቅዱስ ነው። ፎርኩ በማሰሪያው ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ላይ ቢንሸራተት የሞተሩ አፍንጫ ዝቅ ይላል፣ የመሪው ዘንግ ማዕዘን ይቀየራል፣ ሞተሩም ፈጥኖ የሚዞር ግን የሚበረግግ ይሆናል። አንዳንዶች ክሊፖን ከላይ ለመግጠም ቦታ ሲያጡ ፎርኩን ወደ ላይ ይገፉታል። ያ የመሪ ማስተካከል አይደለም፤ የሞተሩን ባሕርይ ሳያውቁ መለወጥ ነው።

ታንኩንና የፊት ፌሪንጉን በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ዶት 4 አንድ ጠብታ ሳይጠረግ ካደረ ምልክቱ አይለቅም።

ከግራ ይጀምሩ፣ ቀላሉ እሱ ነው። የጫፉን ክብደት ይፍቱ። የእጅ ላስቲኩ በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ በቀጭን ነገር ገልጠው አልኮል ያፍስሱበትና እያዞሩ ያውጡት፤ አሮጌ ከሆነ በምላጭ መሰንጠቅ ይቀላል። የማብሪያ ማጥፊያውን ሳጥንና የፍሪሲዮኑን መያዣ ይፍቱ፣ ካቦው ላይ እንደተንጠለጠሉ በጨርቅ ያሳርፏቸው።

በቀኝ በኩል ጥንቃቄው ይጨምራል። የፍሬን ፓምፑን ከመሪው ሲፈቱ ቱቦውን ከፓምፑ አይለዩ፤ ዘይቱ ሳይነካ ሥራው ሊያልቅ ይችላል። የዘይት ማጠራቀሚያው ቀጥ ብሎ እንዲቆም በገመድ ከፌሪንጉ ዘንግ ጋር ያንጠልጥሉት፤ ከተገለበጠ አየር ወደ ቱቦው ይገባል። ጋዙ በካቦ የሚሠራ ከሆነ የካቦውን ማላሊያ ፈትተው ሳጥኑን ይክፈቱ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ሽቦውን አይጎትቱ፣ መሰኪያው ያለበትን ፈልገው እዚያው ይንቀሉት።

ክሊፖኑ ከላይኛው ማሰሪያ በላይ ከሆነ ብሎኑን ፈትቶ ማንሳት ብቻ ነው። ከበታች ከሆነ፣ ማሰሪያው ራሱ መነሳት አለበት፤ የሚከፈት፣ ሁለት ግማሽ የሆነ ክሊፖን ካልገዙ በስተቀር። ሞተሩ በኋላ ማቆሚያው ላይ፣ የፊት ጎማው መሬት ላይ ሆኖ፣ የታችኛው ማሰሪያ ብሎኖች ሳይነኩ፣ ከላይ ያሉትን የፎርክ ብሎኖችና መካከል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ ይፍቱና ማሰሪያውን በጥንቃቄ ያንሱ። ከሥሩ የሚያዩት ሁለተኛ ዳዶ የመሪውን ኩሽኔታ የሚያጠብቅ ነው፤ እሱን አይንኩት።

የፎርኩን ቱቦና የአዲሱን ክሊፖን ውስጥ በፍሬን ማጽጃ ይጥረጉ። ግሪስ እዚህ ቦታ የለውም፤ ማሰሪያው የሚይዘው በደረቅ ብረት ንክኪ ነው። ክሊፖኑን ያስገቡ፣ የላይኛውን የፎርክ ማሰሪያ ይመልሱ፣ ከዚያ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ መጀመሪያ የፎርኩን ከፍታ ከጻፉት ቁጥር ጋር ያስተያዩ፣ ቀጥሎ ትልቁን ዳዶ በመጽሐፉ ልክ ያጥብቁ፣ ከዚያ በኋላ የፎርክ ብሎኖቹን። ተገላቢጦሽ ቢያደርጉት ማሰሪያው ሳያርፍ ይያዛል። ክሊፖኖቹን ለጊዜው በእጅ ብቻ ያጥብቁ።

አሁን እንደገና ልብስዎን ለብሰው ይቀመጡ። ሦስቱን አቀማመጥ ይድገሙ። ማዕዘኑን ረዳትዎ በእጁ እያዞረ ይቀይርልዎ፣ ሲመቸዎት በቀለም ብዕር ከቱቦው ወደ ክሊፖኑ መስመር ያስምሩ። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን በዓይን አይመኑ፤ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ታንኩ መካከለኛ መስመር በሜትር ይለኩ። ሁለቱ እኩል ሆነው ሳለ ጎማው ቀጥ ሲል መሪው የተጣመመ ከመሰለዎት፣ ፎርኮቹ ራሳቸው በማሰሪያው ውስጥ ጠመዋል ማለት ነው፤ ወድቆ በተነሣ ሞተር ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ በመሪ ማዕዘንም አይሸፈንም፤ ፎርኮቹን አላልቶ ማሰለፍ ይቀድማል።

የጥብቀት ተራ ሲደርስ፣ ባለ ሁለት ብሎን ማሰሪያ ከሆነ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው አይሂዱ፤ እያፈራረቁ፣ ክፍተቱ ከላይም ከታችም እኩል እየሆነ እንዲጠብ ያድርጉ። የብሎን ማጣበቂያ ካደረጉ ሰማያዊውን፣ መካከለኛውን ይጠቀሙ። ቀዩን የሚፈታው እሳት ነው።

የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥኖቹ ውስጥ ትንሽ ጥርስ አለች፤ በአሮጌው ዘንግ ላይ ቀዳዳ ነበራት። በአዲሱ ላይ ላይኖር ይችላል። ወይ ዘንጉን በትክክለኛው ቦታ ይበሳሉ፣ ወይ ጥርሷን ይቆርጣሉ። በጋዙ በኩል እንዲበሱ እመክራለሁ፤ የጋዝ ሳጥን በዘንጉ ላይ ቢዞር ካቦውን ይወጥረዋል። ከመብሳትዎ በፊት ሌቨሮቹ፣ ላስቲኩና የጫፉ መክደኛ ሁሉ በየቦታቸው ገብተው መታየት አለባቸው። ቀዳዳውን ከጥርሷ አያስፉ።

የፍሬን ፓምፑ ማሰሪያ ላይ የቀስት ወይም የ«ላይ» ምልክት ካለ ወደ ላይ ይሁን፤ እንዲህ ያለው ማሰሪያ የላይኛው ብሎን ቀድሞ ይጠብቃል፣ ክፍተቱ ከታች ይቀራል። የግራውን ላስቲክ በአዲስ ሙጫ ይለጥፉና ያሳድሩት። በጋዙ ላስቲክና በጫፉ መክደኛ መካከል አንድ ሁለት ሚሊሜትር ይተዉ፤ ከተነካኩ ጋዙ ሲለቀቅ አይመለስም። ባዶ የዘንግ ጫፍ ደግሞ ሲወድቁ ሥጋ የሚበሳ ቱቦ ነው፤ መክደኛ የሌለውን ሞተር የትራክ መርማሪዎች ቢመልሱት እውነታቸውን ነው።

ሌቨሮቹ

መሪውን በሚገባ አስተካክሎ ሌቨሩን እንደነበረ የሚተው ሰው ብዙ ነው። የመንገድ ሞተር ሌቨር ወደ ታች ያዘነብላል፤ ነጂው ቀና ብሎ ስለሚቀመጥ ክንዱ ከላይ ይመጣል። ትራክ ላይ ሰውነት ዝቅ ሲል ክንዱ ወደ መሬት ትይዩ ይቀርባል፤ ሌቨሩም አብሮት ቀና ማለት አለበት። መለኪያው ተለጥፈው የሚያርፉበት ሁኔታ ሳይሆን ፍሬን የሚይዙበት ነው፤ ያኔ ነው ጣት ትክክለኛ ልኬት የሚፈልገው። ሁለት ጣት ዘርግተው ሌቨሩ ላይ ሲያሳርፉ ከክርን እስከ ጣት መገጣጠሚያ መስመሩ አይሰበር።

ፓምፑን በዘንጉ ላይ ወደ ውስጥ ገፋ ካደረጉት ጣቶችዎ የሌቨሩን ጫፍ ይይዛሉ፤ ጉልበት ይቆጥባል፣ ስሜቱም ይጠራል። ርቀቱን በማስተካከያው ጎማ ያቅርቡ፣ ግን ሌቨሩ ሙሉ ሲጨመቅ የቀሩትን ሁለት ጣቶች መንካት የለበትም። የፍሬን ሌቨር ጠባቂ፣ ያ ከዘንጉ ጫፍ ወደ ፊት የሚዞረው ቅስት፣ በጉዞ ላይ ሌላ ሞተር ወይም ሰው ሌቨሩን ነክቶ የፊት ጎማውን እንዳያስቆልፍ የተፈጠረ ነው። በፊም የመንገድ ውድድሮች ግዴታ ነው። በሰው በተሞላ የትራክ ቀንም ገንዘቡን ያወጣል።

ሳይነዱ የሚፈተሽ

መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ያዙሩ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። በእጀታው፣ በሌቨሩ፣ በታንኩና በፌሪንጉ መካከል አውራ ጣትዎ ጓንት ለብሶ መግባት አለበት። ፊም የሚጠይቀው በሙሉ ዙር ጊዜ በመሪውና በታንኩ መካከል ቢያንስ 30 ሚሊሜትር ክፍተት ነው፤ መሪው ራሱም ከመካከል ወደ እያንዳንዱ ጎን ቢያንስ 15 ዲግሪ መዞር አለበት። ክፍተት ካጡ የመሪ ማቆሚያውን ከፍ ያለ ማድረግ ወይም ክሊፖኑን በትንሹ ወደፊት መክፈት ይቻላል። ፌሪንግ መቁረጥም አለ፣ ግን በመጨረሻ።

ከዚያ ቱቦዎቹን ይመልከቱ። መሪ ዝቅ ሲል ካቦና ቱቦ ይረዝማሉ፤ ተጠምዘው በማሰሪያውና በፌሪንጉ መካከል እንዳይጣበቁ መንገዳቸውን ይለውጡ። መሪ ከፍ ሲል ያጥራሉ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተው ፎርኩ ሙሉ ለሙሉ ሲዘረጋ፣ መሪውንም በሁለቱም ጎን እስከ ጫፍ ሲያዞሩ የፍሬኑ ቱቦ ሊወጠር አይገባም። ከተወጠረ ረዘም ያለ ቱቦ ይግዙ፤ ያኔ ፍሬኑን አየር ማስወጣት ግድ ይሆናል።

ጋዙን በሁሉም የመሪ አቅጣጫ ከፍተው ይልቀቁት። በራሱ፣ ቀጭ ብሎ መመለስ አለበት። የጋዙና የፍሪሲዮኑ ነጻ ጨዋታ በመጽሐፉ ልክ ይሁን። አሁን ከቤት ውጭ ኢንጂኑን ያስነሡ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ያዙሩ። ድምፁ ከፍ ካለ ካቦው እየተወጠረ ነው፤ ትራክ ላይ ይህ ማለት ኩርባ ውስጥ ሳይጠሩት የሚመጣ ጋዝ ነው። የማጥፊያ ቁልፉ ኢንጂኑን በትክክል ማጥፋቱን ይሞክሩ። የፍሬን ሌቨሩን ደጋግመው ይጭመቁ፤ ስፖንጅ ከሆነ አየር አለ፣ አየሩ ሳይወጣ ሞተሩ ከቦታው አይንቀሳቀስ።

በመጨረሻ ከፊት ቆመው የፊት ጎማውን በጉልበት መካከል ይያዙና ሁለቱን እጀታዎች በሙሉ ኃይልዎ ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉ። ያሰመሩት የቀለም መስመር ከተዛነፈ ያልጠበቀ ነገር አለ።

ትራኩ ላይ

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንባቢ ወደ ዌስት ቨርጂኒያው ሰሚት ፖይንት፣ ዱባይ ያለው ወደ አውቶድሮሙ ሲሄድ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለመሪው ይሁን። ጥቂት ዙር ቀስ ብለው ይንዱ፣ ቀጥታው ላይ አንዴ ጠንከር ያለ ፍሬን ይያዙ፣ ይውጡ። ቶርክ ቁልፉን ይዘው ሁሉንም ብሎን እንደገና ይፈትሹ፤ አዲስ ማሰሪያ ከመጀመሪያው ሙቀትና ንዝረት በኋላ ትንሽ ይረጋል።

ማስተካከያ ሲያደርጉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ክሊፖኑንም፣ ሌቨሩንም፣ መርገጫውንም አብረው ከነኩ የትኛው እንደጠቀመ አያውቁም። ሕመሙ ራሱ ይመራዎታል፦ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለው ቆዳ ከተላጠ ጋዙን አጥብቀው ይጨብጣሉ ወይም አንጓዎ ወደ ታች ተሰብሯል፤ ትንሿ ጣትና የመዳፉ ውጫዊ ጠርዝ ከደነዘዙ ክብደትዎ እዚያ አርፏል፣ ዘንጉ በጣም ወደ ታች ያዘነበለ ሊሆን ይችላል። ክንዱ በቀኝ ብቻ ከተወጠረ መሪውን ይተዉና ፍሬኑን ይመልከቱ፤ ሌቨሩ ርቆ ወይም ዝቅ ብሎ ይሆናል። ሁለቱም ክንዶች እኩል ከተወጠሩ ጥያቄው ወደ ጉልበትና ወደ ታንኩ ይመለሳል።

ሞተሩ ከወደቀ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን፣ ዘንጉን አውጥተው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያንከባልሉት፤ ከተወላገደ ይጣላል። የማሰሪያውን ብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ አጽድተው በእጅ ባትሪ ይመርምሩ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ለዚህ ነው በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ቀድሞ የተበሳ አንድ የቀኝና አንድ የግራ ዘንግ፣ አንድ ትርፍ የፍሬን ሌቨርና ሁለት የጫፍ መክደኛ መያዝ የሚያስፈልገው። ጠዋት የወደቀ ሰው እነዚህ ካሉት ከሰዓት በኋላ ይነዳል፤ ከሌሉት ሞተሩን ጭኖ ወደ ቤቱ ነው።